ጣራችሁ ከማፍሰሱ በፊት የሚያሳያችሁ ምልክቶች

ሐምሌ ላይ ኮርኒሱ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር "ጣራው ተበሳ!" እንላለን። ብዙውን ጊዜ ግን የዚያን ቀን የተበሳ ነገር የለም። ምስማሩ ከላላ ቆይቷል። አሸንዳው አምና በቅጠል እንደተሞላ ነው። እንጨቱም ከቆርቆሮው ሥር እየራሰና እየደረቀ፣ እየራሰና እየደረቀ ሦስት አራት ክረምት አሳልፏል። ጠብታው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከሱ በፊት ብዙ ትናንሽ ምልክቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ጣራ ላይ ሳትወጡ፣ አልጋ ላይ ጋደም ብላችሁ ወይም ግቢ በር ላይ ቆማችሁ የሚታዩ ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

የምጽፈው መሃል አዲስ አበባ ለምንኖር ሰዎች ነው። አራት ኪሎ፣ ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ፒያሳ ዙሪያ የቀሩት ግቢዎች፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ልደታ፣ ቂርቆስ። ቤታችሁ የጭቃ ቤት ሊሆን ይችላል፣ የቀበሌ ቤት፣ ከዋናው ቤት ጀርባ የተደረደረ ሰርቪስ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ወይም ከላይ ሶሌታ ያለው አዲስ ቤት። ከሶሌታው በስተቀር ሁሉም ማለት ይቻላል ቆርቆሮ ስለለበሱ፣ የምለው ነገር አብዛኛው ስለ ቆርቆሮ ነው።

መቼ ይታይ?

የከተማችን ዝናብ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይጥልም። ግማሽ ያህሉ የሚወርደው ሐምሌና ነሐሴ ውስጥ ነው። በነዚያ ሳምንታት ጣራው ለመድረቅ ፋታ አያገኝም። አናጢ አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው ሌላ ነው፣ ቢመጣም እርጥብ ቆርቆሮ ላይ መውጣት ለነፍሱ ያሰጋል። ስለዚህ የበልጉን ዝናብ ተጠቀሙበት። መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ አንድ ከባድ ዝናብ ሲጥል ስልካችሁን አስቀምጡና ቤቱን ክፍል በክፍል ዙሩ። ከዚያ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጪውን ዙሩ። በነፃ የሚሰጥ ፈተና ነው፤ ያኔ የተገኘ ችግር በግንቦት ፀሐይ ተረጋግቶ ይጠገናል። ሁለተኛው ጥሩ ጊዜ ጥቅምት ነው፣ ክረምቱ የተወው እድፍ ገና ትኩስ ሳለ።

በረዶ ከጣለ ደግሞ ወር አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን እዩ። በረዶ ቆርቆሮውን ባይበሳውም አሸንዳው ውስጥ ይቆለላል። ከኋላው የሚመጣው ውሃ መሄጃ ሲያጣ በቆርቆሮው ጫፍ ሥር ወደ ቤት ይመለሳል። በበረዶ ቀን ብቻ የሚያፈስ ቤት ካላችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት አሸንዳውን ነው።

ከውስጥ ጀምሩ

ኮርኒሱን በቀን ብርሃን ተመልከቱ። መብራት አታብሩ። መስኮት ክፈቱና ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን እብጠቱንም ስርጉዱንም አጉልቶ ያወጣል። የምትፈልጉት ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ቡናማ ክብ ነው። አንድ ክብ ብቻ ከሆነ አንዴ ርሶ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ክብ በክብ ላይ ከተደራረበ ግን ቦታው ደጋግሞ ርሷል፣ እያንዳንዱ ጠርዝ ውሃው በአንድ ወቅት የደረሰበት ድንበር ነውና።

አሁን እርሳስ አንሱ። የእድፉን ጠርዝ ተከትላችሁ አስምሩ፣ አጠገቡ ቀኑን ጻፉ፣ ፎቶ አንሱት። ከሚቀጥለው ከባድ ዝናብ በኋላ እድፉ ከመስመሩ ካለፈ ጣራው አሁንም እያስገባ ነው። ካላለፈ የድሮ ነገር ነው፣ ምናልባትም የተጠገነ። ይህን ሳያደርጉ በቀጥታ ቀለም ማስቀባት ትልቅ ጥፋት ይመስለኛል፤ ገንዘቡም ይባክናል፣ ምልክቱም ይጠፋል። ቤት ልትከራዩ ወይም ልትገዙ ሄዳችሁ ደግሞ ግድግዳው የቆየ ሆኖ ኮርኒሱ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ ለምን እንደሆነ ሳታፍሩ ጠይቁ።

የኮርኒሱ ዓይነት ምልክቱን ይለዋውጠዋል። የድሮ ቤቶች የአቡጀዲ ኮርኒስ መጀመሪያ ይረግባል፣ ከዚያ ላዩ ላይ የተቀባው ነገር ይሰነጠቃል፣ ሲብስ ውሃ አቁሮ እንደ ሆድ ይወርዳል። ቺፕውድ ጠርዙና መገጣጠሚያው ላይ ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ሃርድ ቦርድ ይሞገዳል። ጂፕሰም ላይ ቀለሙ ይነፋል፣ ብሎኖቹ ባሉበት ትናንሽ የዝገት ነጠብጣቦች ይወጣሉ። በጣት ጫን ስትሉት ለስለስ ካለ ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው፤ ጂፕሰም ሲርስ ከባድ ስለሆነ ሥሩ አልጋ ወይም የሕፃን መኝታ ካለ ዛሬውኑ አንሱት።

የፒቪሲ ኮርኒስ ግን ጉዳዩን ያከብደዋል። ፕላስቲክ ስለሆነ አያድፍም፣ አያብጥም፣ ጣራው ለዓመታት ቢያፈስም እሱ አምሮ ይኖራል። ውሃው በላዩ ሄዶ በግድግዳው ጥግ ወይም አምፖሉ በተሰካበት ቀዳዳ ይወጣል። እንዲህ ያለ ኮርኒስ ካላችሁ ዓይናችሁን ጥጎቹና አምፖሎቹ ላይ አድርጉ። ልታስገጥሙ ያሰባችሁም ካላችሁ፣ አንድ ሰው የሚያስገባ ተከፍቶ የሚዘጋ መውጫ እንዲተውላችሁ ሠራተኛውን አስገድዱት። መውጫ የሌለው ኮርኒስ ሥር መኖር ጣራችሁን ጨርሶ ሳታዩት መኖር ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እድፉ ያለበት ቦታና ቀዳዳው ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ውሃ በቆርቆሮው ቀዳዳ ከገባ በኋላ በወራጁ ወይም በማገሩ ላይ ተንሸራቶ፣ አንድ መገጣጠሚያ ወይም ምስማር ሲያግደው እዚያ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ቀዳዳውን ስትፈልጉ ከእድፉ ወደ ላይኛው የጣራ አቅጣጫ ሂዱ። እድፉ ከሁለቱ ግድግዳዎች ስንት ሜትር እንደሚርቅ ለኩና ጻፉ፤ አናጢው ሲመጣ ጣራው ላይ ሆኖ ከዚያው ጥግ ለክቶ ያገኘዋል። አለዚያ "እዚህ አካባቢ መሰለኝ" እየተባለ ደህናው ቆርቆሮ ይነቀላል።

ግድግዳውንም አትርሱ። ከላይ፣ ከጣራው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ቀለሙ ከተነፋ፣ ነጭ ጨው መሰል ነገር ካወጣ ወይም ሲነካ ከተፈረፈረ ውሃው የመጣው ከላይ ነው፦ ከአሸንዳው፣ ከቆርቆሮው ጫፍ ወይም ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ከተያያዘበት ቦታ። ከታች፣ ከወለሉ ተነስቶ እስከ ጉልበት የሚደርስ እርጥበት ግን ብዙ ጊዜ የጣራ ጉዳይ አይደለም፤ ከመሬት የሚሳብ ወይም ከጣራው ወርዶ መሬት ላይ ተፈናጥሮ ግድግዳውን የሚመታ ውሃ ነው። ለጭቃ ቤት ከላይ የሚመጣው በጣም ክፉ ነው። ምርጊቱ ከውጪ ደህና መስሎ ውስጡ ያለው ጭቃ ይሟሟል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ግድግዳው ሆድ ያወጣል። የላይኛው ጥግ ላይ ወደ ጎን የሚከፈት ስንጥቅ ካያችሁ ወራጆቹ ግድግዳውን ወደ ውጪ እየገፉት ሊሆን ይችላል፤ ይሄኛው በምስማርና በማጣበቂያ የሚያልቅ ስላልሆነ የሚያውቅ ባለሙያ ጥሩ።

ሽታም ምልክት ነው። ጠዋት ከውጪ ስትገቡ ቤቱ ሻጋታ ከሸተታችሁ፣ ወይም የውጪ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ልብሶች ከሸተቱ፣ ቁም ሳጥኑን ሳብ አድርጉና ከጀርባው ያለውን ግድግዳ እስከ ላይ ድረስ ተመልከቱ። በቤቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚኖሩት፣ አያት ወይም እናት፣ ከለመዱት አይሸታቸውም። እንግዳ ሲመጣ ጠይቁ።

ማፍሰስ ነው ወይስ ሌላ?

ሰዎች ጣራ አስነቅለው ቤቱ አሁንም የሚርስባቸው ይሄን ሳይለዩ ስለሚጀምሩ ነው። መለየቱ ቀላል ነው። ዝናብ ሲጥል ወይም ጥሎ ካባራ በኋላ ብቻ የሚርስ ከሆነ ጣራ ወይም አሸንዳ ነው። ዝናብ ቢኖርም ባይኖርም የሚርስ ከሆነ የውሃ መስመር ወይም ሮቶ ተጠርጣሪ ነው፤ በፈረቃ ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ብቻ የሚርስ ከሆነማ ጥርጥርም የለው። ሮቶው ሞልቶ ሲፈስ ጣራው ላይ ይወርዳልና።

ሦስተኛው የቆርቆሮ ላብ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮው በጣም ይቀዘቅዛል። የቤቱ ሙቀትና እንፋሎት፣ የትንፋሻችን፣ የምጣዱና የጀበናው ሁሉ፣ ወደ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን ሲነካ ውሃ ይሆናል። ጎህ ሲቀድ ይንጠባጠባል። ዝናብ በሌለበት ወር ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚንጠባጠብ ቤት ቆርቆሮው ደህና ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልገው የአየር መውጫ ነው፣ በተለይ ማድ ቤቱ። ነገር ግን ላቡም ቢሆን ለዓመታት ከቀጠለ ከሥር በኩል ያዝገዋል፣ እንጨቱንም ያበሰብሰዋል፤ ስለዚህ "ላብ ብቻ ነው" ተብሎ አይተውም።

መብራቱ የሚናገረው

ዝናብ ሲጥል ብሬከሩ የሚወርድ ከሆነ፣ አምፖሉ የሚርገበገብ ከሆነ፣ ወይም የአምፖሉ መያዣ ውስጥ ውሃ ካያችሁ ሌላውን ሁሉ ተዉና ዋናውን ማብሪያ አጥፉ። በአብዛኞቹ ቤቶቻችን የኤሌክትሪክ ገመዱ ከኮርኒሱ በላይ በእንጨቱ ላይ ተዘርግቷል። ውሃ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። አሸንዳውን ወይም የቆርቆሮውን ጫፍ ስትነኩ ነዘር ካደረጋችሁም እንደዚሁ፤ ተቀጥቅጦ የተላጠ ገመድ ቆርቆሮውን ነክቶ ሙሉ ጣራው ኤሌክትሪክ ይዞ ሊሆን ይችላል። ሰው እንዳይወጣ፣ ልጆች እንዳይነኩ አድርጉና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ። አናጢው ከሱ በኋላ ነው የሚመጣው።

ከኮርኒሱ በላይ

መውጫ ካላችሁ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ አንገታችሁን ብቻ አስገቡ። መጀመሪያ ባትሪ አታብሩ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ቆዩ። የብርሃን ነጥቦች ታያላችሁ። ክብ ነጥብ ብዙውን ጊዜ የምስማር ቀዳዳ ነው፣ ወይ ምስማሩ ወጥቷል ወይ በስህተት ተመትቶ ተነቅሏል። ረዘም ያለ የብርሃን መስመር ከሆነ ደግሞ ሁለት ቆርቆሮ የተደራረበበት ቦታ ተከፍቷል፣ ወይም ከላይ የጣራው ሁለት ፊት የሚገናኝበትን መስመር የሚሸፍነው ክዳን ተነስቷል። በጣራው ጫፍ ዳር ዳር የሚገባ ብርሃን ግን የተለመደ ነው፣ አያስደንግጣችሁ።

ከዚያ የስልካችሁን መብራት አብሩና እንጨቱን እዩ። ውሃ የሄደበት እንጨት ላይ ጥቁር መንገድ ይቀራል። ምስማሩ ዙሪያ ባሕር ዛፉ ከጠቆረ ውሃ በዚያ ምስማር በኩል ይገባል ማለት ነው፣ ብርሃን ባይታይበትም። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይሄን ምልክት ነው፤ ቆርቆሮው ከላይ አዲስ ቢመስልም እንጨቱ የሆነውን ይዞ ይቆያል። ካቻቢቴ ይዛችሁ የጠቆረውን ቦታ ወጋ አድርጉ። ጠንካራ ከሆነ ገና ነው። ያለ ጉልበት ከገባ በስብሷል፣ ያ ማገር ከላዩ ያለውን ምስማር አይዝም። ከእንጨቱ ሥር ደቃቅ ነጣ ያለ ዱቄት ከተጠራቀመ ነቀዝ ገብቶበታል፤ ጠርጉትና ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ እዩ፣ እንደገና ካለ አሁንም እየበላው ነው።

ወደ ውስጥ መግባት ካለባችሁ እንጨት እንጂ ኮርኒስ አትርገጡ። ኮርኒስ ሰው አይሸከምም።

ከውጪ፣ ከመሬት ሆናችሁ

ከመንገዱ ማዶ ወይም ከጎረቤት ፎቅ ጣራችሁን ፎቶ አንሱት። የላይኛው መስመር ቀጥ ያለ ነው? መሃሉ ረገብ ካለ ከሥሩ ያለው እንጨት ደክሟል። ፎቶውን አስቀምጡት፣ በዓመቱ ከዚያው ቦታ ሌላ አንሱና አስተያዩ። ርገባ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ በየቀኑ የሚያየው ሰው አያስተውለውም።

ቀጥሎ ምስማሮቹ። የሞገድ ቆርቆሮ ምስማር መመታት ያለበት በጉብታው ላይ ነው፣ ውሃው በማይሄድበት። በስርጉዱ ላይ የተመታ ምስማር ካያችሁ ውሃ በቀጥታ ይተኛበታል፣ ዛሬ ባያፈስ ነገ ያፈሳል። ራሳቸው ከፍ ከፍ ያሉ ምስማሮችንም ፈልጉ። ለምን እንደሚነሱ ማወቁ ይጠቅማል፦ ቆርቆሮ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል። 6 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ ርዝመቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይቀየራል። የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ፣ የቀኑ ፀሐይ ኃይለኛ ስለሆነ ይሄ በየቀኑ ይደጋገማል፣ ምስማሩንም ቀስ በቀስ እየነቀነቀ ያወጣዋል። ከምስማሩ ሥር ያለው ጎማም በፀሐይ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ስትመታውና ማታ ሲበርድ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ጤናማ ነው። ነፋስ ሲነሳ የሚያጨበጭብ ወይም የሚደበድብ ድምፅ ግን የላላ ቆርቆሮ ነው፣ አይቆይም።

ዝገትን በሁለት ክፈሉት። አዲስ ቆርቆሮ ላይ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ካለ ላዩ ላይ የተለበጠው ዚንክ ነው የተጎዳው፤ ብዙውን ጊዜ ቆርቆሮው ሳይገጠም ተደራርቦ ዝናብ መቶታል። ጊዜ ይሰጣል። ቀዩ ዝገት ግን ዚንኩ አልቆ ብረቱ መበላት ሲጀምር የሚመጣ ነው፣ እሱም የሚጀምረው ከማትጠብቁት ቦታ ነው፦ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ከተደራረበበት፣ ከምስማሩ ዙሪያና ከታችኛው ጫፍ። ለማየት ካስቸገራችሁ ከአሸንዳው ሥር በርሜል ወይም ነጭ ባልዲ አስቀምጡ። የወረደው ውሃ ቀላ ካለ ወይም የዝገት ቅርፊት ከሥሩ ከቀረ ጣራችሁ እያለቀ ነው። ቆርቆሮ ስትገዙም የጌጁ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ አትርሱ፤ 28 ጌጅ ከ32 ይወፍራል፣ 35 ደግሞ ሳስቶ ሳስቶ በእጅ ይታጠፋል።

አጠገባችሁ ግንባታ ካለ፣ መሃል ከተማ ደግሞ የሌለበት ሰፈር ጥቂት ነው፣ ሌላ ጣጣ አለ። በግራይንደር ብረት ሲቆረጥ የሚበተነው ብናኝ ጣራችሁ ላይ አርፎ ይዝጋል፣ የናንተንም ቆርቆሮ ያበላሻል። እርጥብ ሲሚንቶም ዚንኩን ይበላል። አቧራው ደግሞ አሸንዳው ውስጥ ገብቶ በመጀመሪያው ዝናብ ጭቃ ይሆናል። ለጎረቤት ተናግሮ ሸራ እንዲጋርድ ማድረግና ጣራውን በውሃ ማስጠረግ ኋላ ከመጣላት ይሻላል።

አሸንዳ

ስለ አሸንዳ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ጣራ ተብሎ የሚጠገነው ብዙው ችግር የአሸንዳ ነው። ዝናብ እየጣለ ጃንጥላ ይዛችሁ ቁሙና ውሃው የት እንደሚሄድ እዩ። በአሸንዳው ከንፈር ላይ ሞልቶ የሚፈስበት ቦታ አለ? ከጀርባው ወደ ግድግዳው የሚወርድስ? ዝናቡ ካባራ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚንጠባጠብ ከሆነ ውሃ አቁሯል፣ ዘንበሉ ተበላሽቷል። ዝናብ በሌለበት ቀንም ምልክቱ አይጠፋም፦ ግድግዳው ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ የቆሻሻ መስመሮች፣ አረንጓዴ ሽበት፣ መሬቱ ላይ የተቦረቦረ ጉድጓድ፣ በጣራው ጫፍ ዙሪያ የተመታው ጣውላ መጥቆርና መላላጥ። አሸንዳ ውስጥ ሣር ከበቀለማ አፈር አለ ማለት ነው።

የባሕር ዛፍና የጽድ ቅጠል፣ የርግብ ጎጆ፣ ፌስታል፣ የልጆች ኳስ፣ ሁሉም መውረጃ ቱቦው አፍ ላይ ነው የሚሰበሰቡት። ግንቦት ላይ አንዴ፣ ነሐሴ መሃል አንዴ ማስጠረግ ከየትኛውም ጥገና ርካሽ ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ከፓራፔት፣ ማለትም ጣራውን ከውጪ ከሚጋርደው አጭር ግድግዳ፣ ጀርባ የተደበቀው አሸንዳ ነው። ከውጪ ቤቱን ቀጥ ያለና ያማረ ያደርገዋል፣ አሁን የሚሠሩት ቤቶች ብዙዎቹም እንደዚያ ናቸው። ግልጹ አሸንዳ ሲደፈን ውሃው ወደ ግቢ ይፈሳል፣ የተደበቀው ሲደፈን ግን ወደ ሳሎን ነው የሚፈሰው። የዚህ ዓይነት ቤት ያላችሁ ሰዎች ከጣራው ሥር ግድግዳው ላይ አግድም የሚሄድ የእርጥበት መስመር ካያችሁ አንድ ዝናብ እንኳ አትጠብቁ። በተጨማሪም ፓራፔቱ ከአሸንዳው የውስጥ ከንፈር ዝቅ ብሎ ወደ ውጪ የሚያስወጣ አንድ ትርፍ ቀዳዳ ይኑረው፤ ዋናው ሲደፈን ውሃው በሱ ይወጣል፣ እናንተም ከውጪ አይታችሁ ታውቃላችሁ።

በግቢ ውስጥ ተደጋግፈው የተሠሩ ቤቶች ላይም የሁለት ጣራ ውሃ የሚገናኝበት ሸለቆ አለ። የናንተ ውሃና የጎረቤት ውሃ አንድ ላይ ነው የሚሄደው። ያን ሸለቆ ብቻችሁን ብትጠግኑት ዋጋ የለውም፤ ከጎረቤት ጋር ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጡ ተነጋግሮ ወጪውን መካፈል ነው የሚያዋጣው።

ዲሹና ድንጋዩ

ወደ ላይ ቀና ብላችሁ ስንት ዲሽ እንዳለ ቁጠሩ። ዲሽ ራሱ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው የሚተክለው ሰው አረጋገጥ ነው። ከሥሩ ማገር በሌለበት ቦታ ሲረግጥ ሞገዱ ይጨፈለቃል፣ መደራረቢያው ይከፈታል፣ ውሃም እዚያ ይተኛል። ስለዚህ ዲሽ ሠሪ ሲመጣ የምስማር መስመር የተመታበትን ብቻ እንዲረግጥ ንገሩት፣ ምስማሩ ያለበት ሥር እንጨት አለ። ገመዱም ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ እንደገና ከፍ ብሎ ይግባ፤ ቀጥ ብሎ ከገባ ውሃው ገመዱን ተከትሎ አብሮ ይገባል። የድሮ ዲሽ ከተነሳ ደግሞ የቀሩትን የብሎን ቀዳዳዎች በዚያው ቀን ድፈኑ።

ቆርቆሮ እንዳይነሳ ድንጋይ ወይም የድሮ ጎማ መጫንም ልማድ ሆኗል። ከሥሩ እርጥበት ይዞ ቶሎ ያዝገዋል። ድንጋይ የሚያስፈልገው ቆርቆሮ ምስማር የሚያስፈልገው ቆርቆሮ ነው። ሮቶም በጣራው እንጨት ላይ አይቀመጥም፤ የ1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 1,000 ኪሎ ነው።

ሶሌታና ኮንዶሚኒየም

ሶሌታ ላላችሁ፦ ከዝናብ በኋላ በማግሥቱ ውጡና የተኛ ውሃ ፈልጉ። ከሥር በኩል ኮርኒሱ ላይ ነጭ ክር ወይም ነጭ ቅርፊት ካያችሁ ውሃ በስንጥቁ እያለፈ ነው። ቡናማ የዝገት መስመር ከመጣ ውሃው ፌሮው ጋ ደርሷል፤ ፌሮ ሲዝግ ይወፍርና ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል፣ ስለዚህ መሐንዲስ ይየው።

ኮንዶሚኒየም የመጨረሻ ፎቅ የምትኖሩ ሰዎች፣ ጣራው የሁሉም ነዋሪ የጋራ ነው። ወጪውን ብቻችሁን አትሸከሙ፣ ፎቶና ቀን ይዛችሁ ለኮሚቴው በጽሑፍ አመልክቱ። የቀበሌ ቤት ከሆነም ቆርቆሮ ከማስነቀላችሁ በፊት ወረዳውን ጠይቁ። "ሰፈሩ ይፈርሳል እየተባለ ምን አደክመኝ" የሚሉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፣ እውነታቸውንም ነው። ግን ምስማር መቀየርና አሸንዳ ማስጠረግ ትልቅ ወጪ አይደለም፤ ልጆች የሚተኙበት ቤት እስከሚፈርስበት ቀን ድረስ ደረቅ መሆን አለበት።

ችግሩን ካገኛችሁ በኋላ

ቦታው ካልታወቀ በውሃ ፈትኑት። ውሃ በሚመጣበት ቀን አንድ ሰው ውስጥ ኮርኒሱን ይይ፣ ሌላው መሰላል ላይ ሆኖ በጎማ ውሃ ያፍስስ። ከታችኛው ጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ፣ በየቦታው ጥቂት ደቂቃ እየቆየ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ስለሚያርስ ምንም አትለዩም።

አናጢ ስትጠሩ "ጋሼ፣ ሬንጅ ብቻ ለቅለቅ ቢደረግበት ይበቃዋል" የሚላችሁ ይኖራል። ሬንጅ ለአንድ ቀዳዳ፣ ለአንድ ክረምት ማሳለፊያ ይሆናል። በዛገና በላላ ቆርቆሮ ላይ ሲለቀለቅ ግን ከሥሩ ያለው ዝገት ይቀጥላል፣ ኋላም ለሚጠግነው ሰው ቦታውን ያበላሽበታል። ከሥሩ ያለው እንጨት ታይቶ እንደሆነ ጠይቁት። የበሰበሰ ማገር ላይ አዲስ ምስማር መምታት ከንቱ ነው። አዲስ ቆርቆሮ ሲገጠምም ከታችና ከላይ የሚደራረበው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ጣራው ዘንበሉ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በላይ።

የጣራችሁ ሉህ ብረት ሳይሆን ወፍራም፣ ግራጫ፣ ሲሚንቶ የሚመስል የድሮ ዓይነት ከሆነ አትቁረጡት፣ አትሰርስሩት፣ በደረቁ አትፋቁት። አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፣ ብናኙም ሳንባ ይጎዳል።

ክፍያውን በተመለከተ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። አብዛኛው ሥራው እንዳለቀ ይከፈል፣ የተወሰነው ግን አንድ ከባድ ዝናብ ካለፈበት በኋላ። ጥሩ ሠራተኛ በዚህ አይከፋም፣ እንዲያውም ዝናቡ እንደጣለ ራሱ ደውሎ "እንዴት ሆነ?" ይላል። የተነቀሉትን ምስማሮችና የተቆረጡትን ቁርጥራጮችም ጣራው ላይ ሳይተው ጠርጎ እንዲያወርድ ንገሩት፤ እዚያ ከቀሩ በሚቀጥለው ክረምት የዝገት ነጠብጣብ የሚጀምረው ከነሱ ሥር ነው።